ልብስና ሰው



አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ ልዑልና ስለ ድኻ ባሳተመው ልብ ወለድ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች፣ ኤድዋርድና ቶም፣ ልብስ ይለዋወጣሉ። ዘበኛው ቡቱቶ የለበሰውን ልዑል መትቶ ከግቢ ያስወጣዋል፤ ለድኻው ለቶም ግን ይሰገድለታል። ልዑሉ የድኻን መከራ ስለ ቀመሰ በነገሠ ጊዜ ምሕረት አድራጊ ሆነ።

ይህ ለእኛ ለማንኪራ ወጣቶች ምን ያስተምረናል? በካፋ ምድር ማንጆ የተባሉ ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። ልብስ ብንለዋወጥ ማን ይለየናል? ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን አክብረን ድኻውን እንዳናዋርድ ያስጠነቅቀናል።

እንግዲህ የሌላውን መከራ ለማወቅ ቡቱቶ እስክንለብስ አንጠብቅ፤ ዛሬውኑ በአንድ ገበታ እንቀመጥ። እግዚአብሔር ይርዳን።