«ወይ ይተው»፦ ስለ ቁማርና ከቁማር ስለ መውጣት

ከሐዋርያት ቀኖናዎች መካከል ቁማርን የሚመለከት አለ። ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን በቁማርና በስካር ተይዞ ቢገኝ ወይ እንዲተው፣ ካልሆነም ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። አንባቢውን፣ መዘምሩንና ምእመኑንም በዚያው ሥርዓት ይዳኛል፤ እነርሱ ካልተዉ የሚጠብቃቸው ከአንድነቱ መለየት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። ቁማር ከስካር ጋር አብሮ ተጠርቷል። ደግሞም መተው ከቅጣት ቀድሟል። ስለ ቅጣቱ ብዙ ተሰብኳል፤ ሰው እንዲተው ምን ያስፈልገዋል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ዛሬ በእርሱ ላይ እንቆያለን።

መጀመሪያ ግን፣ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ዕጣ ማውጣቱ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በይሁዳ ቦታ ማትያስ የተተካው በዕጣ ነው። በቅዳሜ ገበያ የሚነግዱ እናቶችም እቁባቸውን በዕጣ ያወጣሉ። የእቁብ ዕጣ የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ቀድሞም የደረሰው ዘግይቶም የደረሰው የጣለውን ያህል ያገኛል፣ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም። በቁማር ግን አንዱ የሚወስደው ሌላው የተነጠቀውን ነው። አሸናፊው ለባልንጀራው የሰጠው ሥራ፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት የለም። ዐሥረኛው ትእዛዝ የባልንጀራህን ገንዘብ አትመኝ ማለቱ እዚህ ይገባል። አንድም፣ ከመስቀሉ ሥር የነበሩትን ወታደሮች እናስብ፤ ጌታ በላያቸው እየተሠቃየ እነርሱ በልብሱ ላይ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። የሌላውን ሥቃይ ቀና ብሎ አለማየት የቁማር ጠባዩ ነው፤ ያ ሌላ ሰው የገዛ ልጁ ሲሆንም እንኳ።

ወደ ከተማችን ወደ ጎንደር እንምጣ። ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሣበት በ2013 ዓ.ም. በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ቴሌብርም ሥራ ጀምሯል። ፋሲልን፣ ዐፄዎቹን፣ ስንደግፍ የኖርን ሰዎች ኳስ መውደድ ኃጢአት ነው አንልም፤ እንዲህ ብሎ የሚቆጣ ሰባኪ ወጣቱን ከደጁ ከማራቅ በቀር የሚያተርፈው የለም። ነገር ግን ገንዘቡም መጫወቻውም በአንድ ስልክ ውስጥ ሲገናኙ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቤቲንግ ቤት መሄድ ራሱ ቀረ። ከአራዳ እስከ አዘዞ የሚመላለስ የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ የቀኑን ገቢ ሊጨርስ ይችላል፤ የሚያየውም የለም። ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ሳለ ሕዝቡ በዕለተ ስቅለት ሳይቀር ወደ ፈረስ ሠረገላ ውድድር በመሄዱ አዝኖ ገሥጿል። በእርሱ ዘመን ቢያንስ የጎደለው ሰው ይታወቅ ነበር። ዛሬ ቅዳሴ ላይ ቆሞም መወራረድ ይቻላል።

አሁን ጥቂት እናስላ። ሁለት ውጤት ብቻ ያለው፣ ዕድሉም እኩል የሆነ ውርርድ እንውሰድ። ፍትሐዊ ቢሆን 1 ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ 2 ብር ይገባዋል። ቤቱ ግን በ1.90 ኦድ ይከፍላል እንበል። ዐሥር ሳንቲም ምንም አይመስልም። ተወራራጁ ልጅ ግን በአንድ ጨዋታ አይቆርጥም፤ ስምንት ጨዋታ ይደረድራል። ስምንቱንም የመምታት ዕድሉ ከ256 አንድ ነው። በ20 ብር ቲኬት ትክክለኛው ክፍያ 5,120 ብር መሆን ሲገባው ቤቱ የሚከፍለው 3,397 ብር ገደማ ነው። ያቺ ዐሥር ሳንቲም ስምንት ጊዜ ስትደራረብ የክፍያውን ሲሶ በላች ማለት ነው፤ ግብሩን ገና አልቆጠርንም። ሰባቱን መትቶ በአንዷ የመበላት ዕድሉስ? ከ32 አንድ። ከማሸነፍ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። «በአንድ ጌም ተበላሁ» የሚለው ልጅ ለድል እንደ ተቃረበ ይሰማዋል፤ ነገም የሚመልሰው ይህ ስሜት ነው። ስሌቱን ላየ ሰው ግን በአንድ መበላት ከድል ይልቅ ደጋግሞ የሚመጣ ውጤት እንጂ የድል ዋዜማ አይደለም።

«በልክ ብንጫወትስ? መንግሥት ፈቅዶት የለም?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ፈቅዷል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላ የስፖርት ውርርድ እንዳይጫወት ይከለክላል። ሎተሪም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔራዊ ሎተሪ ትኬት ሲቆረጥ ኖሯል። በበዓል ሰሞን አንድ እንቁጣጣሽ ሎተሪ ገዝተው ኪሳቸው ውስጥ የሚረሱ አዛውንትና ሌሊቱን ሙሉ አቪዬተር በሚባለው የስልክ ቁማር ላይ አፍጥጦ የሚያድር ወጣት አንድ ናቸው አልልም። የሎተሪው መውጫ በሳምንታት ይቆጠራል፤ የአቪዬተሩ በሰከንዶች፤ ፍጥነት ለማሰቢያ ጊዜ አይተውም። ምክሬን ከጠየቃችሁኝ ጨርሶ አትጀምሩ። የጀመረ ግን በልክ ነኝ ካለ ልኩን ራሱ አይመስክር። ያስያዘውንና የተበላውን ለአንድ ወር በወረቀት ጽፎ ለሚስቱ ወይም ለወንድሙ ያሳይ። ወረቀቱን ለማሳየት ካፈረ፣ የተበላውን ለማስመለስ ደግሞ ከተጫወተ፣ የእቁቡን ብር ከነካ ወይም በአራጣ ከተበደረ ልክ የሚባለው ነገር አልፏል።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንበለው? ሰነፍ፣ ሌባ፣ የተረገመ እንለዋለን፤ እርሱም ይበልጥ ይደበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ አጠገብ አስፍሮታል። ቁማርን ከስካር ጋር ያቆመው ቀኖናም ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ይህን ስል ኃጢአትነቱ ቀረ ማለቴ አይደለም። የታመመ ፈቃድ ንስሐም ሕክምናም ይሻል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ በታመምህ ጊዜ ጸልይ፣ ከኃጢአትህም ንጻ ካለ በኋላ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ ስጠው ይላል። ጸበል ሲጠመቅ ከርሞ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው እምነቱን አልካደም።

ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ለአንድ ሰው ሙሉውን ይናገር፤ ግማሹን ዕዳ የደበቀ ሰው ግማሹን ለማስመለስ መጫወቱ አይቀርም። የንስሐ አባት ምስጢር ጠባቂ ነውና ለመጀመሪያው ንግግር የተመቸ ነው፤ ሆኖም ቀኖና ሰጥቶ ብቻ ባያሰናብተው፣ ለቤተሰቡ እንዲነግር አብሮት ቢቀመጥ መልካም ነው። ደመወዙ በሚስቱ ወይም በእናቱ እጅ ይግባ፣ የመወራረጃ አካውንቱ ይዘጋ፣ ስልኩ ላይ ያለው የባንክ መተግበሪያም ይውጣ። ዘመድ ዕዳ ልክፈል ካለ ለአበዳሪው በቀጥታ ይስጥ፤ በታማሚው እጅ የገባ ብር ወደ ቲኬት ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ በሚበዛበት ሰዓት ብቻውን አይዋል።

ለሕክምናው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ለሚመጣ መንገዱ ቀላል ባይሆንም አንድ ሰው አብሮት ይምጣ። ለሐኪሙ የገንዘቡን መጠን፣ የእንቅልፉን ነገር፣ መጠጥና ጫት ካለበትም ሳያፍር ይንገር። ሞትን የሚያነሣ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ለአፍታም ብቻውን ሳይተዉት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

አንድ እናት ሊጠይቁ ይችላሉ፦ «ትቻለሁ ብሎ ተመልሶ ቢጫወትስ?» ብዙዎች ይመለሳሉ፤ ይህ ሕክምናው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ጴጥሮስ እስከ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታ ሰባት ጊዜ ብቻ አላለውም፤ ይቅርታው ቁጥር የለውም። ይቅር ሲሉት ግን፣ እናቴ፣ የባንክ ደብተሩን አብረው አይመልሱለት። ደብተሩ መቼ እንደሚመለስ እርሱ፣ እርስዎና የንስሐ አባቱ ተቀምጠው፣ ሐኪሙንም ጠይቀው፣ በሰላሙ ቀን ይወስኑት እንጂ በልመናና በዕንባ ሌሊት አይወሰን።