ባንድ ሰውነት የሚገናኙ ሁለት መድኃኒቶች

ለየብቻቸው የሚጠቅሙ ሁለት መድኃኒቶች ባንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ሊጎዱ መቻላቸውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ይህም በተለይ የመንፈስ ጭንቀትን፥ ማለት ዛሬ ድባቴ የሚባለውን ሕመም ለማከም በሚሰጡት መድኃኒቶች ላይ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ የሚጀምረው ከሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1952 በኒው ዮርክ፥ ሲ ቪው በሚባለው ሆስፒታል ተኝተው ለነበሩ የነቀርሳ ሕሙማን ኢፕሮኒያዚድ የሚባል መድኃኒት በተሰጣቸው ጊዜ፥ ተክዘው የነበሩት ሰዎች መንፈሳቸው ሲነቃቃ ታየ። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በአንጎላችን ውስጥ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ሴሮቶኒን የተባለ ቅመም አለ። ሥራውን ሲፈጽም ከፊሉን ነርቩ መልሶ ይወስደዋል፤ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ደግሞ ያፈርሰዋል። ኢፕሮኒያዚድ ይህን አፍራሽ ኤንዛይም ያግደዋል። መድኃኒቱ ጉበት የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ ቢቀርም፥ እንደ ፌነልዚን ያሉ ዘመዶቹ ቀርተዋል። በ1987 በአሜሪካ የተፈቀደው ፍሉክሰቲን ግን በሌላ መንገድ ይሠራል፤ እርሱ የሚያግደው ነርቩ ሴሮቶኒኑን መልሶ እንዳይወስድ ነው።

እንግዲህ ውኃ ያለማቋረጥ የሚገባበትና ሁለት ቀዳዳ ያለው በርሜል እናስብ። አንዱ ቀዳዳ ቢደፈን ውኃው ከፍ ይላል። ሁለቱም ቢደፈኑ ግን ሞልቶ ይፈስሳል። ሴሮቶኒን እንዲህ ከልክ ሲያልፍ ሰውየው ይቁነጠነጣል፥ ያልበዋል፥ ሆዱን ያስቀምጠዋል፥ ልቡ በኀይል ይመታል፥ ጡንቻዎቹ፥ ይልቁንም የእግሮቹ፥ ይንቀጠቀጣሉ። ሲጸና ትኩሳቱ ከ41 ዲግሪ ያልፋል፤ ሞትም ሊያስከትል ይችላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ መድኃኒት በተጨመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ያለበትን ሰው ያየ ወባ ነው ቢል አይፈረድበትም።

በ1984 በኒው ዮርክ ሊቢ ዛዮን የተባለች የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ትኩሳትና መቁነጥነጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ፌነልዚን ትወስድ ነበር። መንቀጥቀጡን ለማስታገሥ ፔቲዲን የተባለውን መርፌ ወጓት፤ ትኩሳቷ እየናረ ሄዶ በማግሥቱ ጧት ሞተች። ብዙ ሐኪሞች ለሞቷ ምክንያት የሚያደርጉት የሁለቱን መድኃኒቶች መገናኘት ነው። ፔቲዲን ግን የሕመም ማስታገሻ እንጂ የጭንቀት መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ አደጋው በጭንቀት መድኃኒቶች መካከል ብቻ የተወሰነ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። መድኃኒት መዋጥ ሲቆም መድኃኒቱ ከሰውነት ወዲያው አይወጣም። ፍሉክሰቲን ለሳምንታት ስለሚቆይ፥ ፌነልዚንን ለመጀመር ቢያንስ 5 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን ይበልጥ የሚታወቁት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉክሰቲን ናቸው። ሐኪም አስቦበት፥ መጠኑን አሳንሶና እየተከታተለ ሁለቱን አንድ ላይ ሊያዝዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ፍሉክሰቲን አሚትሪፕቲሊንን የሚያፈርሰውን የጉበት ኤንዛይም ስለሚያደክመው፥ አሚትሪፕቲሊኑ በደም ውስጥ ይከማቻል። አፍ ይደርቃል፥ ሆድ ይደርቃል፥ ሽንት ያስቸግራል፥ እንቅልፍ ይጫናል፤ ከሁሉም የሚከፋው የልብ አመታት መዛባቱ ነው። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶልም ሴሮቶኒንን ከሚያበዙት አንዱ ነው። መድኃኒት ለለመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ደግሞ ያንኑ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን በመጠኑ ያግዳል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ነቀርሳ ተመለሰ ማለት ነው!

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ኀፍረቱ ነው። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክኒኑን ከገዛ ቤተ ሰቡ ይሸሽጋል። በሌላ ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ፥ «የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ «የለም» ይላል። ሐኪሙም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ ሄዶ ማሳየት ከመናገር ይቀልል ይሆናል።

ይህን ያነበበ ሕመምተኛም ፈርቶ በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን አይተው፤ በድንገት ማቆም ራሱ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፥ ጭንቀቱም ሊመለስ ይችላል። የተነገረው ምልክት ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በዚያም ሐኪሞች መድኃኒቶቹን ያቆማሉ፥ ሰውነቱን ያቀዘቅዛሉ፥ ዲያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያም ይሰጣሉ። አብዛኛው ሕመምተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ይሻለዋል፤ የወሰደው ፍሉክሰቲን ከሆነ ግን ይዘገያል።