ከአራሽ መንደር እስከ ጦር ሚኒስትርነት፦ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰው ከገበያ ተመልሶ አህያው ከተራገፈ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን ለንባብ ተሰበሰብን። ያን ዕለት ያነበብነው ስለ ነገሥታት ነበር። አንድ ሽማግሌ እስኪያልቅ በዝምታ አዳመጡና፦

«ልጆቼ፣ ይኸ ሁሉ የንጉሥ ልጅ፣ የራስ ልጅ ነው። ከአራሽ ወገን ወጥቶ አገር ያዘዘ ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

«አለ እንጂ አባባ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አሉ» አልናቸው።

«ታዲያ ለአራሹ ምን አደረጉለት?»

የመጀመሪያውን ጥያቄ ቶሎ መለስን። ሁለተኛው ላይ ግን እርስ በርሳችን ተያየን። ይህን ትምህርት የጻፍነው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እንማር። ቃሉ «ወግ አጥባቂ» ነው። የነበረው እንደነበረ እንዲቆይ የሚፈልግ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚጠራጠር ሰው ወግ አጥባቂ ይባላል። ቃሉ ስድብ አይደለም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ተመልከቱ። ከተፈለፈሉ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እስከ ዛሬ የቆዩት በየዘመኑ «የአባቶቻችን ነው፣ አይነካም» የሚሉ ሰዎች ስለነበሩ ጭምር ነው። ነገር ግን መጠየቅ አለብን፤ የሚጠበቀው ወግ የቱ ነው? ሲጠበቅስ የሚጠቀመው ማን ነው? ሸክሙንስ የሚሸከመው ማን ነው? ሀብተ ጊዮርጊስ በዘመናቸው የወግ አጥባቂዎቹ ዋና ሰው ነበሩ። ስለዚህ ቃሉን ይዘን እንሂድ።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1840ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ነው። አገሩ ከላስታ እጅግ ሩቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በወሊሶ በኩል ያለው የጨቦ አገር ነው። ሕዝቡ ኦሮሞ ነው፤ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። አባቱ ዲነግዴ ይባላሉ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ሠራዊታቸው ወደዚያ አገር ዘመተ። ልጁ ተማረከ። በዚያ ዘመን ጦርነት ሲደረግ ከብት ይነዳል፣ ጎተራ ይገለበጣል፣ ልጆችም ይወሰዳሉ። ይህ ልጅ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ምኒልክ ቤት የገባው በፈቃዱ አልነበረም። ይህን አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በምኒልክ ቤት አደገ፣ ከትንሽ አገልጋይነት ተነሥቶ ወታደር ሆነ። ጦር ሜዳ ላይ ጎበዝ፣ ሸንጎ ላይ ደግሞ ነገር አዋቂ ሆኖ ተገኘ። የፈረስ ስሙ «አባ መላ» ነው። መላ ማለት ብልሃት ነው፤ ስሙ ከሰውየው ጋር የገጠመ ነው። ዳኝነቱና ፍርዱ እስከ ዛሬ በየሰፈሩ ይተረካል። ሁሉም እውነት ነው አንልም፤ ሰው ስለ ጠቢብ ዳኛ ማውራት ይወዳልና ሌላው የፈረደውም በእሳቸው ስም ሳይነገር አልቀረም። (እስከዚህ ድረስ «አንተ» ስንለው ቆይተን አሁን «አንቱ» ማለት ጀመርን። ሹመቱ ስለደረሰ ነው፤ እኛም የወግ ልጆች ነን።)

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቁ። ፊታውራሪ ማለት ከጦሩ ፊት የሚሄደው አዛዥ ነው። ከአድዋ በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ፊታውራሪ ሆኑ። ወደ ደቡብ ዘመቱ፤ ቦረና ድረስ ያለውን አገር ወደ ምኒልክ ግዛት ያስገባውን ዘመቻ መሩ። ተማርኮ የመጣው የጨቦ ልጅ አሁን እሱ ራሱ አገር የሚያስገብር አዛዥ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያን ሁሉ ወታደር ማን ያበላው ነበር? ምኒልክ ለወታደር በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በተያዘው አገር ለሹሙም ለወታደሩም እንደ ማዕረጉ ገበሬ ተመደበለት። የተመደበው ገበሬ ገባር ይባል ነበር። ገባሩ ከእህሉ ያካፍላል፣ ማር ያመጣል፣ እንጨት ይሸከማል፣ የጌታውን ማሳ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱ እህል ትፈጫለች።

እኛ ዘንድ በላስታ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የላስታ ገበሬ ከአባት ከእናቱ በዘር የሚወርድ ርስት ነበረው። «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ይሟገትበታል፤ በቀላሉ አይነቀልም። ቢሆንም በርስቱ ላይ ጉልት ነበረበት። ለባለ ጉልቱ፣ ሹምም ሆነ ደብር፣ ከምርቱ ይገብራል፣ በጉልበቱም ያገለግላል። ሽማግሌዎቻችሁ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ደቡብ ላይ የከፋው ብዙ ገበሬ መሬቱን ራሱ ማጣቱ ነው። በአባቱ ማሳ ላይ የሰው ጭሰኛ ሆነ። የሀብተ ጊዮርጊስ ኃይል በዚህ ላይ የቆመ ነበር። ብዙ ወታደር ነበራቸው፤ ወታደሩ የሚበላው ከገባር ነው። ሰፊ መሬት ነበራቸው፤ መሬቱን የሚያርሰው ገባርና ጭሰኛ ነው።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ሾሙ። ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። አንዳንድ ሰው «የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር» ይላቸዋል። ሹመታቸው የጦር ሚኒስትርነት ነው፤ በጉልበት ግን ከሚኒስትሮቹ ሁሉ በላይ ስለነበሩ እንደዚያ ተባሉ። ወዲያው ምኒልክ በጽኑ ታመሙ። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ወደ እጃቸው ሲሰበስቡ የሸዋ መኳንንት ተባብረው በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። ከመኳንንቱ መካከል አባ መላ ነበሩበት።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ወሎን ይነካል። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ አልጋው ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ቀረ። የኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ኢያሱ ከሸዋ መኳንንትና ከቤተ ክህነት ጋር ተጣሉ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ ከወሎ ብዙ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። በመጀመሪያው ውጊያ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሏቸው። ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? እንደሚነገረው አባ መላ «እኔ የእርስዎ ወገን ነኝ» የሚል መልእክት እየላኩ ንጉሡን አዘገዩአቸው። በዚህ መካከል የሸዋ ረዳት ጦር ደረሰ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ሆነ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ።

በሰገሌ ሜዳ የቀሩት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። በሰኔ ማረስ፣ በጥቅምት ማጨድ የሚገባቸው ናቸው። የወሎውም ገበሬ የሸዋውም ገበሬ እርሻውን ትቶ ስለ አልጋ ጠብ ተጋደለ። ይህን ስናነብ አንዲት እናት «ያን ዓመት አዝመራውን ማን ሰበሰበው?» አሉ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ አዛዦቹ እንጂ ስለ አዝመራው ብዙ አይጽፉም።

ኢያሱ ሲሻሩ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለው ነበር። ጦሩ ግን በሀብተ ጊዮርጊስ እጅ ነበር። ስለዚህ አገሪቱ እንደ ሦስት ጉልቻ በሦስት ሰው ላይ ቆመች። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ የሚባለው የማዕከሉ ወታደር ተሰብስቦ «ሚኒስትሮቹ በድለዋል፣ ይነሡልን» ብሎ ጮኸ። ሚኒስትሮቹ ተሻሩ። አንድ ሰው ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሀብተ ጊዮርጊስ። ወታደሩ የእሳቸው ነበርና።

ተፈሪ አገሪቱን ለውጭው ዓለም መክፈት ፈለጉ። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድንና ባርነትን የሚገድብ አዋጅ ወጣ። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ተከፈተ። አብዛኞቹ ወግ አጥባቂ መኳንንት ይህን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። የውጭ ሰውና የውጭ ገንዘብ እንዲበዛ አይወዱም። አለኝታቸው አባ መላ ነበሩ።

ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር አንልም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ «ይህ ወገን የእኔ ጥቅም፣ ያ ወገን ያንተ ጥቅም» ብለው ውል ተፈራርመዋል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወር የመንግሥታት ማኅበር አላዳነንም። እንግዲህ የውጭ ሰው ስጦታ መጠርጠር የሞኝ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በፍርሃቱ ውስጥ ሌላም ነገር ነበረ። ባርነት ቢቀር፣ የገባር አገልግሎት ቢቆም፣ ወታደሩ በደመወዝ ቢያድር፣ የመኳንንቱ ኑሮ ይፈርስ ነበር። «አገር እንጠብቅ» የሚለው ቃል እውነትም ነበረው፤ ጎተራ መጠበቅም ነበረበት። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እኛ በበኩላችን ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንደነበር ስንከራከር አምሽተናል፤ አልተስማማንም።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሞቱ። ከእሳቸው ጋር የቆሙት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ሰሞን ዐረፉ። ተፈሪ ጊዜ አላጠፉም። የአባ መላን ወታደር ወደ ራሳቸው አዞሩ፤ ሀብቱንና መሬቱንም ተረከቡ። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ጦር ይዘው አዲስ አበባ መጡ። እሳቸውም ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ወግ አጥባቂ ነበሩ። ግን ወታደራቸው ከዳቸውና እጃቸውን ሰጡ። (ባልቻ ኋላ ጣሊያንን ሲዋጉ ሞቱ፤ ይህንም መናገር ተገቢ ነው።) በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። «ለአራሹ ምን አደረጉለት?» ሀብተ ጊዮርጊስ ዳኛ ነበሩ፤ ተበድሎ ችሎታቸው የቆመ ሰው ፍርድ ሳያገኝ አልቀረም። ዳኛ ግን አንዱን ገበሬ ከአንዱ ሹም ሊያስታርቅ ይችላል እንጂ ገበሬው ለምን ገባር እንደሆነ አይጠይቅም። እሳቸው ከጨቦ ሲወጡ ማሳውን ተዉ። ከዚያ በኋላ ያሳደጋቸው፣ ያበላቸው፣ የሾማቸው ያ የወታደርና የገባር ሥርዓት ነው። መሰላሉን ወጥተው ሲጨርሱ መሰላሉን መጠበቅ ሥራቸው ሆነ። ክፉ ሰው ስለነበሩ ነው አንልም። የቆሙበት ቦታ ከተነሡበት ቦታ ይበልጥ ያዛቸው ነበር።

ሽማግሌው ይህን ስንነግራቸው፦ «ልጄን ተማሪ ቤት ስልከው የምፈራው ይኸንኑ ነው» አሉ። ሳቁ አልመጣም፤ ሰውም ዝም አለ።

አባ መላ ሲሞቱ በመሬታቸው ላይ የነበሩት ገበሬዎች ጌታ ለወጡ እንጂ ነፃ አልወጡም። የገባር የጉልበት አገልግሎት በሕግ የቀረው በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ነው። ጭሰኝነት ግን ከዚያም በኋላ ቆየ፤ የገጠር መሬት ከባለ መሬቶች እጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ ድልድይ አለ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይባላል። ወደዚያ የሚሄድ የላስታ ሰው ስሙን ሲሰማ ታሪኩን ያስታውስ ይሆናል።

ይህን ትምህርት በሚቀጥለው ስብሰባ ከእናንተ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብበው። «ገባር»፣ «ርስት»፣ «ጉልት» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ በእናንተ ቀበሌ ጉልቱ የማን ነበር? ምን ያህልስ ይገበርለት ነበር? የነገሯችሁን ጻፉና አምጡልን።