ወፍ ለማየት

ባለፈው ቅዳሜ ከ18 ማዞሪያ ተነሥተን መናገሻ ሱባ ደን ስንገባ ሆታችን ጫካውን ሞላው፤ ወፍ ግን አንድም አላየንም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከበሮውን ያስያዝኩት እኔ ነኝና።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ደኑን እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል።

ከምሳ በኋላ አምስት ሆነን ከእግር መንገዱ ዳር ዝም ብለን ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ጉንጯ ነጭ፣ ላባዋ አረንጓዴ ሶሪት ከዝግባው ላይ ብድግ አለች። ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ ነው! ቀለሙ መዳብ አለበት፤ እንዲህ ያለው ከሶሪት ዘመዶች በቀር በሌላ ወፍ አይገኝም።

ለሚቀጥለው ጉዞ ወፎች በሚበረቱበት በማለዳ እንነሣ። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ይታያልና ቡናማ ልብስ ይሻላል። ከበሮው እዚሁ ይቆየን።