ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ስለ ማጠጣትና ስለ መመገብ

በብዙ ስፍራ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ምግብና መጠጥ ይከለከላል። ልማዱ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሕፃኑን ይጎዳዋል። በዚህ ደዌ የሚሞተው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከሰውነቱ ውሀና ጨው ስላለቀበት ነውና። ስለዚህ የወጣውን መተካት ይገባል።

ውሀ ብቻውን አይበቃም። አንጀት ውሀን አብልጦ የሚቀበለው ስኳርና ጨው በልክ ሲገቡበት ነው። በ1971 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በህንድ አገር በስደተኞች ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ መሐላናቢስ ይህን የመሰለ ውሀ እንዲጠጡ አደረጉ፤ ከመቶው በሽተኛ ከ20 እስከ 30 ይሞት የነበረው ወደ 4 ያህል ወረደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ቅመም ቢገኝ እርሱ ይበልጣል። ባይገኝ ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ውሀ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ማንኪያው ልክ ይሁን እንጂ አይቆለል፤ ጨው ቢበዛ ይጎዳልና። ያደረው ይደፋል።

አሰጣጡም እንዲህ ነው።
1ኛ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው በተቀመጠ ቍጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፥ ከዚያ በላይ ያለው ከግማሽ እስከ ሙሉ ብርጭቆ፥ ቀና ብሎ በማንኪያ ወይም በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ።
2ኛ፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ ይቀጠል።
3ኛ፤ ጡት ከቶ አይቋረጥ።
4ኛ፤ ምግብ የጀመረው ልጅ አጥሚት፥ ገንፎ፥ እርጎ፥ ከተገኘም የተፈጨ እንቍላል በየጊዜው በጥቂቱ ይብላ። ከዳነም በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይብላ፤ የከሳው ሰውነት በዚህ ይመለሳልና።

ዓይኑ ቢጐደጕድ፥ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ቢመለስ፥ መጠጣት ቢያቅተው፥ ደም ቢቀላቅል፥ ወይም ቢደነዝዝ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ወደ ሳንባ ገብቶ ያንቀዋልና።

ጥያቄ። ውሀ ብቻ የማይበቃው ስለ ምንድር ነው? ጨው ለምን በልክ ይሆናል? መምህሩ ልኩን በማንኪያ እየሰፈረ በተማሪዎቹ ፊት ያሳይ፤ ሽማግሎችም ለእናቶች ይንገሩ።