ቤት ለቤት ቅስቀሳና የኢስቲእዛን አዳብ፦ ከኦባማ የጤና ዘመቻ የሚወሰድ ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በመቀጠል፦

የዛሬው ርዕስ ከሐለቃችን የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። አንድ በጎ ፈቃደኛ የማያውቀውን ሰው በር አንኳኩቶ ስለ መሪው የጤና ዕቅድ ሲናገር በአላህ ዘንድ ምን ኃላፊነት ይሸከማል? ጥያቄው የፈረንጅ አገር ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ክረምት ላይ ለበጎ ፈቃድ እንሰማራለን፤ ወረቀት ይዘን ቤት ለቤት መዞራችን አይቀርም። ምሳሌውን ግን ከአሜሪካ ወስጃለሁ፤ ነገሩ ብዙ የተጻፈበትና መጨረሻውም የታወቀ ስለሆነ ነው። የኦባማን ፓርቲ ደግፉ ወይም ተቃወሙ ለማለት አይደለም።

ባራክ ኦባማ ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2009 ነው። በምርጫው ጊዜ ሲቀሰቅሱላቸው የነበሩት በጎ ፈቃደኞች እንዳይበተኑ «ኦርጋናይዚንግ ፎር አሜሪካ» የሚባል አካል በዴሞክራቲክ ፓርቲው ሥር ተቋቋመ። ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ የኢሜይል አድራሻ ነበረው። ትልቁ ሥራው የጤና መድን ማሻሻያው ነበር። ሰኔ ወር ላይ በብዙ ከተሞች በግለሰብ ቤቶች ስብሰባ ተደረገ፤ ከዚያም በጎ ፈቃደኞቹ ወደ ገበያው፣ ወደ መንገዱና ወደ ሰው በር ወጡ። በእጃቸው የያዙት የድጋፍ መግለጫ ሦስት መርሆች ነበሩት፦ ወጪ መቀነስ፣ ምርጫ መጠበቅ፣ ለሁሉም ጥራት ያለውና አቅምን ያገናዘበ ሕክምና ማዳረስ። ሰው ያንን እንዲፈርም ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተወካዮች ምክር ቤቱ ዋና ረቂቅ የቀረበው ሐምሌ 14 ቀን 2009 ነው። ስለዚህ በሰኔ በር ያንኳኳው ልጅ ሰው እንዲደግፍለት የጠየቀው ገና ያልተጻፈ ሕግ ነው። መድረሳ የቀራ ሰው ይህን ሲሰማ «ገረር» የሚለው ቃል ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ መሸጥ። በእርግጥ ፊርማ ሽያጭ አይደለም፤ ቂያሱን አጥብቄ አልይዘውም። ነገር ግን መርሕን ማስፈረምና ሕግን ማስፈረም የተለያዩ መሆናቸውን ደጅ ላይ የቆመው ሰው ራሱ ካላወቀ፣ ባለቤቱ እንዴት ሊያውቅ ይችላል? «ዕቅዱ ገና እየተጻፈ ነው፤ አሁን የምንጠይቅዎ አቅጣጫውን እንዲደግፉ ነው» ያለ በጎ ፈቃደኛ አማናውን ተወጥቷል። «ሕጉ ይህን ይሰጥዎታል» ያለው ግን የሌለውን ነገር ሰጥቷል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ሱረቱ አን-ኑር 27ኛና 28ኛ አንቀጾች ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ወደ ሰው ቤት ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ፣ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ አዞናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ታሪክ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ዑመር (ረ.ዐ.) ዘንድ ሄደው ሦስት ጊዜ አስፈቀዱ፤ መልስ ሲያጡ ተመለሱ። ዑመር ለምን እንደሄዱ ሲጠይቋቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙት እንዲህ መሆኑን ነገሯቸው። ዑመርም ለዚህ ምስክር አምጣ አሏቸው፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) መጥተው መሰከሩ። ይህን ታሪክ ስንቀራ ብዙ ጊዜ የምንይዘው «ሦስት ጊዜ» የሚለውን ብቻ ነው። ለኔ ግን ሁለተኛው ግማሽ እኩል ያስደንቀኛል። ያ ትልቅ ሶሓባ ደጅ ላይ ያደረገው ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ ለተናገረው ነገር ማስረጃ ተጠየቀ። አልተቆጣም፤ ሄዶ ምስክር ፈለገ።

ሌላም አለ። ጃቢር (ረ.ዐ.) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በር ባንኳኩ ጊዜ ማን እንደሆኑ ተጠይቀው «እኔ» ብቻ ብለው መመለሳቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልወደዱት ቡኻሪ ዘግበዋል። አንኳኪ ስሙን ይናገራል። ዛሬ ደግሞ ከስሙ ቀጥሎ ማን እንደላከው ይናገራል። ዶርም ውስጥ በፈተና ሳምንት በር እየመቱ «አንዴ ፈርሙልን» የሚሉ ልጆች ይህን ሐዲስ ቢያውቁት ደስ ይለኝ ነበር፤ የምንፈርመው ለምን እንደሆነ የምናውቀው ብዙ ጊዜ ከሄዱ በኋላ ነው። እንዲሁም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ቤት ሲሄዱ ፊት ለፊት በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይቆሙ እንደነበር አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። የቤቱን ውስጥ ላለማየት ነው። የአሜሪካ ቀስቃሾችም ደወሉን ከተጫኑ በኋላ ከበሩ ራቅ ብለው እንዲቆሙና ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ ይመከራሉ። ምክንያታቸው ደኅንነት ነው፤ ለእኛ ግን ኸልዋንም ይከላከላል፤ በተለይ እህቶች ይህን ልብ በሉት።

ሕጋቸውም ቢሆን የሚገርም ቅርበት አለው። በ2002 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጅሆቫ ምስክሮች በቀረበ ክስ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ ለሃይማኖትም ሆነ ለፖለቲካ ሐሳብ በር ለማንኳኳት አስቀድሞ ፈቃድ አውጣ ማለት እንደማይቻል ወሰነ። የማንኳኳት መብት አለ ማለት ነው። ግን የቤቱ ባለቤት «አታንኳኩ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ መለጠፍም ሆነ አልሰማም ብሎ መመለስ ይችላል። ፈቃዱ ያለው በባለቤቱ እጅ ነው፤ ከመንግሥት ቢሮ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ድካም ለውጥ ያመጣል ወይ? የኢንጂነሪንግ ልጅ ስለሆንኩ መለኪያ ሳላይ አላምንም። አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን በኒው ሄቨን ከተማ በ1998 ምርጫ ወደ 30 ሺህ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ሞክረዋል። በ2000 ባሳተሙት ውጤት በአካል ተገኝቶ ማነጋገር የመራጩን ተሳትፎ ወደ 9 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ ጨመረ፤ ደብዳቤው ትንሽ ብቻ ሠራ፤ ስልኩ አልሠራም። ነገር ግን ሰውን ከቤቱ ማስወጣትና ሐሳቡን ማስቀየር አንድ አይደሉም። በ2018 የታተመ የ49 የመስክ ሙከራዎች ትንተና በአጠቃላይ ምርጫ ጊዜ ቅስቀሳ የሰውን ምርጫ የመቀየር ኃይሉ በአማካይ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ደጅ ላይ ቆሞ ዋሽቶ እንኳ የሚገኘው ትርፍ ይህን ያህል ነው።

ዋሽቶ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2009 ሣራ ፔሊን በፌስቡክ ገጻቸው ዕቅዱ «የሞት ቦርድ» ያመጣል ብለው ጻፉ። ረቂቁ ውስጥ የነበረው ነገር አረጋውያን በፈቃዳቸው ስለ መጨረሻ ዘመን ሕክምናቸው ከሐኪም ጋር ሲመካከሩ መንግሥት ለሐኪሙ ይክፈል የሚል ነበር። ወሬው ግን አገር አዳረሰ፤ አንቀጹም ከሕጉ ወጣ። ሙስሊሞችንም የነካ አለ። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ «ዲሚ» ከሚለው የፊቅህ ቃል የተሠራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሕጉ ውስጥ እንዳለና ሙስሊሞች መድን ከመግዛት ነፃ እንደተደረጉ የሚናገር ኢሜይል ከሰው ወደ ሰው ተዛመተ። ቃሉ ሕጉ ውስጥ የለም። ያለው ከ1950 ማብቂያ በፊት የተመሠረቱና ከመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና ውጪ የሚኖሩ እንደ አሚሽ ያሉ ቡድኖችን የሚመለከት ነፃነት ነው። አንድ ሙስሊም በጎ ፈቃደኛ በር አንኳኩቶ «እናንተማ ነፃ ናችሁ አይደል» ቢባል ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት።

እዚህ ድረስ የሌላውን ወገን ውሸት ቆጠርን፤ ደስ ይላል። አሁን የሚያስቸግረው ይመጣል። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ደጋግመው «ያላችሁን መድን ከወደዳችሁት ይዛችሁት ትቀጥላላችሁ» ይሉ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹም ይህንኑ በየበሩ አደረሱ። ሕጉ መጋቢት 21 ቀን 2010 በምክር ቤቱ 219 ለ212 አልፎ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈረመ። በ2013 መጨረሻ ብዙ ሰዎች መድናቸው መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ፕሬዚዳንቱም በኅዳር ወር በቴሌቪዥን ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። ሕጉ ጥቅም አላመጣም ማለቴ አይደለም፤ መድን የሌለው ሰው ቁጥር በ2010 ከነበረበት ከ48 ሚሊዮን በላይ በ2016 ወደ 28 ሚሊዮን ወርዷል። ጥያቄዬ ስለ ልጁ ነው። በቅን ልቦና ያችን ዓረፍተ ነገር ለአንዲት እናት ያደረሰው ልጅ ዋሽቷል?

የሐዲስ ዑለሞች ለዚህ መንገድ ትተውልናል ብዬ አምናለሁ። «እገሌ እንዲህ አለ» ማለትና «ነገሩ እንዲህ ነው» ማለት የተለያየ ሸክም አላቸው። የመጀመሪያው ሪዋያ ነው፤ ተናጋሪው የሚጠየቀው በትክክል ማድረሱን ነው። ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ሱረቱ አል-ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ፣ ሱረቱ አል-ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ ደግሞ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ያዙናል። ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ራሱ ከውሸት እንደሚቆጠር የሚያስጠነቅቅ ሐዲስም በሶሒሕ ሙስሊም መግቢያ ላይ አለ። ስለዚህ «ፕሬዚዳንቱ ይህን ቃል ገብተዋል» ያለ ኢስናዱን አሳይቷል። «መድንሽ አይነካም፣ እኔ ልንገርሽ» ያለ ደግሞ በማያውቀው ነገር ዋስ ሆኗል። ኒያው መልካም ስለነበር ኃጢአት አለበት ለማለት አልደፍርም፤ ይህ የዑለሞች ፋንታ ነው። የእናቲቱ መድን ግን ተቋርጧል።

ከቅስቀሳው ጎን የቆመ ሌላ ዓይነት ሥራም ነበር። በ1992 በሎስ አንጀለስ የዩ.ሲ.ኤል.ኤ እና የቻርልስ ድሩ ዩኒቨርሲቲ ሙስሊም ተማሪዎች ተሰባስበው ድሆች በሚኖሩበት ደቡባዊ የከተማው ክፍል ክሊኒክ ለመክፈት ተነሡ። በ1996 «ኡማ ክሊኒክ» ተከፈተ፤ የሙስሊሙንም የሌላውንም ሰው በሽታ ያክማል። እነዚህ ልጆች እንደኛው የካምፓስ ጀመዓ ነበሩ። መድን ስለሌለው ሰው ቢናገሩ በየቀኑ ያዩትን ይናገራሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በር የማንኳኳቱን ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ሰፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ የድሃ ድሃ ለሆነው መንግሥት ይሸፍናል። ለዚህ ምዝገባ ቤት ለቤት ብትላኩ፣ በሙስሊም ሰፈር አንድ ጥያቄ ይገጥማችኋል፦ «ልጄ፣ መድን ሐራም አይደለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ አትናቁት፤ «ዘመኑን አያውቁም» ብላችሁም አትለፉት። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ለትርፍ የሚሸጠውን የንግድ መድን ከልክሎ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የኅብረት መድን ፈቅዷል። መዋጮን አሰባስቦ የታመመን ማሳከም ወደ የትኛው እንደሚቀርብ ለማሰብ ይህ መነሻ ይሆናል። ፈትዋውን ግን እናንተ ደጅ ላይ አትስጡ። የሰፈሩን ኢማም ወይም ሸኽ አስቀድማችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ «ሸኽ እገሌን ጠይቀን እንዲህ ብለውናል፣ እርስዎም ይጠይቋቸው» በሉ። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበል፣ መድኃኒት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሳትሰሙ አትውጡ። ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ብዙውን ጥያቄ «አላውቅም» ብለው እንደመለሱ ይተላለፋል። የማታውቁትን ስትጠየቁ እንደሳቸው «አላውቅም» በሉ፤ ጥያቄውን ከነቤት ቁጥሩ ደብተራችሁ ላይ ጻፉና መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ። ስትመለሱም እንደገና አስፈቅዱ።

ወላሁ አዕለም።