የቆላው ኤሊ በሰው ቤት

ኤሊን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል። ሲነኩት አንገቱንና እግሩን ወደ ቅርፊቱ ይሰበስባል። ሣር ይግጣል፣ ከሰው ጋር ጠብ የለውም።

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ዓይነት ኤሊ ነው። ስሙ ሱልካታ ይባላል። ቃሉ የላቲን ቋንቋ ሲሆን «ባለ ትልም» ማለት ነው። በቅርፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች ማረሻ ያወጣው ትልም ስለሚመስሉ ይህ ስም ወጣለት።

ሱልካታ የአፍሪካ እንስሳ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው ደረቅ አገር ይኖራል። ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ፣ በማሊ፣ በኒጀር፣ በቻድና በሱዳን አድርጎ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ቆላ ድረስ ይገኛል። መልኩ የደረቅ አሸዋ ይመስላል። ከኋላ እግሮቹ ታፋ ላይ እንደ ሾህ የቆሙ ጉጦች አሉት። በስምጥ ሸለቆ የሚታየው ዝንጉርጉር ኤሊ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ሱልካታ ዛሬ ከትውልድ አገሩ ርቆ በሰው ቤት ውስጥም ይኖራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ኤሊን እንደ ድመት በቤታቸው ያሳድጋሉ። ብዙዎቹ ኤሊዎች እዚያው በሰው እጅ ተፈልፍለው የተሸጡ ናቸው። «አይታለብ፣ አይጠመድ፣ ታዲያ ምን ይሠራላቸዋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የሚያሳድጉት ስለሚወዱት እንጂ ለጥቅም አይደለም። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን እንስሳ አያሳድግም። ብዙ ትንንሽ ኤሊዎች በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ታመው ይሞታሉ። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ አለማወቅ ነው። እንግዲህ ነገሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ጎሬው ምን ይሰጠዋል?

ጫጩትን ከእናቷ ክንፍ ሥር ያወጣ ሰው የክንፉን ሙቀት ራሱ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ጫጩቷ ትሞታለች። የኤሊም ነገር እንደዚሁ ነው። ለትንሹ ሱልካታ እንደ እናት ክንፍ የሆነለት ጎሬው ነው። የኤሊ እናት እንቁላሏን አፈር ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች። ልጆቿን አታሳድግም። ትንሹ ኤሊ ከእንቁላል ሲወጣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠብቀው መሬት ነው።

ሱልካታ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ውጭው ሲያቃጥል ወደ ጎሬው ይገባል። ሌሊት ሲበርድም እዚያው ይሸሸጋል። ከመሬት በላይ ያለው አየር ደረቅ ቢሆንም በጎሬው ውስጥ ያለው አየር እርጥብ ነው። በበጋ ጉድጓድ የቆፈረ ገበሬ ይህን ያውቃል። ላይኛው አፈር ዱቄት ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ወረድ ሲሉ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ይገኛል።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ይህ የበረሃ እንስሳ ነው፣ ደረቅ ቦታ ይወዳል» ይላሉ። ኤሊውንም በደረቅ ሳጥን ውስጥ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ፣ በሚያቃጥል መብራት ሥር ያስቀምጡታል። ኤሊው ግን በበረሃ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው በእርጥብ ጎሬ ነው።

በደረቅ አየር ያደገ ኤሊ ቅርፊቱ ለስልሶ አያድግም። እንደ ትንንሽ ቁልል ጉብ ጉብ ይላል። በኦስትሪያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን መርምረው ውጤቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 አሳትመዋል። አዲስ የተፈለፈሉ 50 ሱልካታዎችን ለ5 ወር አሳደጉ። የተወሰኑትን በደረቅ አየር፣ የተወሰኑትን በእርጥብ አየር አኖሩ። የምግባቸውንም ዓይነት ለያዩ። በደረቅ አየር ያደጉት ጉብታቸው ከፍ ያለ ሆነ። የምግቡ ልዩነት ያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነበር። አንዴ ጉብ ያለ ቅርፊት ደግሞ ተመልሶ አይስተካከልም።

ሳጥኑን እንዴት ያዘጋጁታል?

በቤት ውስጥ ትንሽ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው በሳጥን ጎሬ ይሠራለታል። አሠራሩም እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ሳጥኑ ቢያንስ 1 ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ወርድ ይኖረዋል። ጎኑ ውጭውን የሚያሳይ መስተዋት ባይሆን ይመረጣል። ኤሊው መስተዋትን ስለማይረዳ፣ ለመውጣት ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል።

ሁለተኛ፣ ወለሉ ላይ ንጹሕ አፈር ወይም የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ ይደረጋል። ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በየጊዜው ውሃ እየተረጨ እርጥበቱ ይጠበቃል። ጭቃ ግን መሆን የለበትም። አሸዋ ብቻውን አይመከርም። ኤሊው ከምግቡ ጋር አሸዋ ከዋጠ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በአንደኛው ጥግ መሸሸጊያ ይሠራለታል። የተሰበረ ማሰሮ ግማሹ ተደፍቶ ቢቀመጥ በቂ ነው። መሸሸጊያው ጨለማ፣ ሥሩም እርጥብ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ሳጥኑ ሞቃት ጫፍና ቀዝቀዝ ያለ ጫፍ ይኖረዋል። ኤሊ እንደ ሰው ወይም እንደ በሬ የራሱን ገላ ማሞቅ አይችልም። ሙቀቱን ከውጭ ያገኛል። ሲበርደው ወደ ሙቀቱ ይሄዳል፣ ሲሞቀው ይርቃል። መሄጃ ካጣ ግን ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ይቀዘቅዛል።

ሙቀት የሚለካው በቴርሞሜትር ነው። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በኤሊው ሳጥን ውስጥ በሞቃቱ ጫፍ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን። በሌላው ጫፍ ከ27 ዲግሪ አይውረድ። ለትንሽ ኤሊ ሌሊትም ቢሆን ከ26 ዲግሪ በታች ጥሩ አይደለም። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ከሆኑ ሳንባውን ያማሉ። ስለዚህ እርጥበት መስጠት የሚገባው ሙቀቱ ሲጠበቅ ነው። በእጅ ዳሰስ አድርጎ «ይበቃል» ማለት አይበቃም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ብርሃንና አጥንት

የኤሊ ቅርፊት ልብስ ወይም ጫማ አይደለም። ከሥሩ አጥንት ነው። ከአከርካሪውና ከጎድኑ ጋር የተያያዘ ነው። አጥንት እንዲጠነክር ካልሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ገላ ካልሲየምን ለመጠቀም ደግሞ ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ቆዳ ነው፤ ይኸውም ፀሐይ ሲያገኝ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም አዲስ አይደለም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ፀሐይ ሳያገኝ የሚያድግ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩም ይጎብጣል። ይህ በሽታ ሪኬትስ ይባላል። ጤና ጣቢያ «ሕፃኑን ፀሐይ አሙቁት» የሚለው ለዚሁ ነው። በጨለማ ቤት ያደገ ኤሊም እንደዚሁ ይሆናል። ቅርፊቱ በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል። እግሩ ገላውን መሸከም ያቅተዋል።

«በመስኮት ፀሐይ ይገባ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ብርሃኑና ሙቀቱ ይገባል። ነገር ግን ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር የመስኮት መስተዋት ያግደዋል። ስለዚህ አገሩ ሞቃት ሲሆን ኤሊውን ጥላ ባለበት ደጅ ማውጣት ይጠቅማል። ብርድ ባለበት አገር ግን ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል ይገዛሉ። አምፖሉ 12 ሰዓት ይበራል፣ 12 ሰዓት ይጠፋል። ጊዜ ሲቆይ አምፖሉ እየበራ ጨረሩ ግን ይደክማል። ዓይን ይህን ስለማያይ፣ የተገዛበት ቀን ተጽፎ በጊዜው መለወጥ አለበት።

ምግብና ውሃ

ሱልካታ የሣር እንስሳ ነው። በበረሃ የሚኖረው በሣርና በቅጠል ነው። በቤትም ዋና ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ይሁን። ሰርዶ ጥሩ ምግብ ነው። ሾሁ የተላገ የበለስ ቁልቋልም ይስማማዋል። ለትንሽ ኤሊ ሣሩ ለጋ ሆኖ ይከተፍለታል። መድኃኒት የተረጨበት ሣር ግን መሰጠት የለበትም።

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሥጋና ወተት የእሱ ምግብ አይደሉም። ሙዝና ሌላም ጣፋጭ ፍሬ ሆዱን ያውካል። ልጆች ከገበታቸው ሲወረውሩለት ይበላ ይሆናል። መብላቱ ግን ተስማማው ማለት አይደለም። በሬም ዱቄት ቢያገኝ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሆዱ ይነፋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሣሩ ላይ ጥቂት የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስለታል።

ውሃን በሚመለከት፣ ትንሹ ኤሊ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ውሃው ከአገጩ በታች ይሁን። ያን ጊዜ ይጠጣል፣ ይጸዳዳልም። ብቻውን ትቶት መሄድ አይገባም፤ ቢገለበጥ ይሰምጣል።

መጻፍ ለዚህም ይጠቅማል

ኤሊ አይጮኽም። ሲታመም አያቃስትም። ሕመሙ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ጥሩ አሳዳጊ ደብተር ይይዛል። በየሳምንቱ ኤሊውን ይመዝንና ቀኑንና ክብደቱን ይጽፋል። ትንሽ ኤሊ ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? ክብደቱ ለብዙ ሳምንት ከቆመ ወይም ከቀነሰ ደብተሩ ይናገራል። አፍንጫው አረፋ ካወጣ፣ ዓይኑ ካበጠ፣ ቅርፊቱ ከለሰለሰ ወይም ምግብ ከተወ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ጥጃና ጫጩት የምታሳድጉም በዚሁ መንገድ ብትጽፉ ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

የሰውንም ጤና አንርሳ። ኤሊ ጤነኛ መስሎ ሳለ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም በገላው ሊኖር ይችላል። ይህ ጀርም ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል። በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። በአሜሪካ ብዙ ልጆች ከትንንሽ ኤሊዎች በሽታው ስለያዛቸው፣ በ1967 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1975) ቅርፊቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ ተከለከለ። ኤሊ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሳጥኑና የመታጠቢያው ሳህን ወጥ ቤት አይግባ።

ሲያድግስ?

በእጅ መዳፍ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ኤሊ ሁልጊዜ ትንሽ አይደለም። ሱልካታ በዓለም ላይ ካሉት የየብስ ኤሊዎች በትልቅነት ሦስተኛ ነው። የሚበልጡት በጋላፓጎስና በአልዳብራ ደሴቶች የሚኖሩት ብቻ ናቸው። ትልቅ ወንድ ሱልካታ እስከ 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ይህም የአንድ ኩንታል እህል ክብደት ነው። ዕድሜውም ከ50 ዓመት ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ አስቡት። ሳጥን ውስጥ የነበረው እንስሳ አጥር ይገፋል፣ የግቢ መሬት ይቆፍራል። በረዶ በሚጥልበት አገር ክረምቱን የሚያሳልፍበት የሞቀ ቤት ይፈልጋል። ሲገዙት ይህን ያላሰቡ ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የተጣሉ ኤሊዎችን የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ፤ ከሚመጡላቸው ብዙዎቹ ያደጉ ሱልካታዎች ናቸው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት «ሲያድግ የት ይኖራል? እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚያ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው ኤሊ ግዙልን ሲሏቸው ይህንኑ ቢጠይቁ ይበጃል።

እኛስ በአገራችን ምን እናድርግ?

በሜዳ ትንሽ ኤሊ ያገኘ ልጅ ወደ ቤት ይዞት ሊመጣ ይፈልጋል። ይህን ማድረግ አይገባም። በዱር የሚኖረው ሱልካታ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ግጦሹ በከብት ብዛት ይጠፋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፣ ሰዎችም ለመብልና ለንግድ ይወስዱታል። ስለ ብርቅ አራዊትና ዕፅዋት ንግድ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፣ በፈረንጆች ከ2000 ጀምሮ ከዱር ተይዞ ለንግድ የሚወጣው ሱልካታ ቁጥር ዜሮ እንዲሆን ተወስኗል። ከዱር የያዝነውን «የሚገዛ ፈረንጅ አለ» የሚል ነጋዴ ቢመጣ ነገሩ ሕገ ወጥ መሆኑን እንወቅ።

ሳጥን፣ አምፖል፣ ቴርሞሜትር፣ የተከተፈ ሣር፣ ለብ ያለ ውሃ፤ ይህ ሁሉ ድካም የሚደረገው በሰው እጅ የተወለደው ኤሊ ያጣውን ጎሬ ለመተካት ነው። በእኛ ቆላ ያለው ግን ጎሬው አለው። ለልጆቻችን «ተዉት፣ መንገዱን ይሂድ» እንበላቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሱልካታ የሚለው ቃል ትርጉም ምንድን ነው?
2. የበረሃ ኤሊ እርጥብ አየር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
3. በመስኮት መስተዋት የሚገባ ፀሐይ ለኤሊው አጥንት የማይበቃው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ለሚያድግ ጥጃ ወይም ጫጩት በደብተር ምን ምን ብትጽፉ ይጠቅማችኋል?
5. ልጃችሁ ከሜዳ ትንሽ ኤሊ ይዞ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? በቡድን ተወያዩበት።